አንዱ ድንጋይ ሲደክም

ልጅ እያለሁ የአባቴን ሬዲዮ ድንጋይ መቀየር የእኔ ሥራ ነበር። አራት ወፋፍራም ድንጋዮች ይገቡበታል። ሁለቱ ሽቅብ፣ ሁለቱ ቁልቁል። አባቴ አንድ ነገር አጥብቆ ይከለክለኝ ነበር፤ አሮጌና አዲስ መቀላቀል። "አሮጌው አዲሱን ይበላዋል" ይለኛል። ብር ሲያጥረን ድንጋዮቹን ፀሐይ ላይ እናሰጣቸዋለን። ለአንድ ዜና የሚበቃ ጉልበት ይመለስላቸዋል። ከዚያ የሬዲዮው ድምፅ እየሰለለ ይሄዳል።

ያን ጊዜ አራቱ ድንጋዮች እንደ አንድ ነገር ነበር የሚታዩኝ። ሬዲዮው ሲደክም ሁሉም የደከሙ ይመስለኛል። አሁን ሳስበው፣ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የደከመው አንዱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ሦስቱን ገና ጉልበት እያላቸው ነበር የምንጥላቸው።

ዛሬ ቤቴ ውስጥ ሌሎች አራት ድንጋዮች አሉ። ሰማያዊ ፕላስቲክ የለበሱ፣ አንዳንዳቸው ሁለት ኪሎ ገደማ የሚመዝኑ የሊቲየም ሴሎች ናቸው። መብራት ሲጠፋ ቤቱን የሚይዙልን እነሱ ናቸው። አራቱን እኩል አድርጎ ማቆየት ቀላል ነገር መስሎኝ ነበር የጀመርኩት። ሁለት ጊዜ ክፉኛ ተሳሳትኩ። አሁን በየሰፈሩ ባትሪ የሚገጣጥም ሰው እየበዛ ነው። ስለዚህ የሆነውን እንዳለ ልንገራችሁ።

የምኖረው ፒያሳ ነው፣ ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ዝቅ ብሎ። ግቢያችን ውስጥ አራት ቤተሰብ አለ። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ግድቡ ሲመረቅ ግቢው መሀል ቡና ተፈልቶ አብረን ነው ያየነው። ደስታችን ከልብ ነበር። ነገር ግን ከግድቡ እስከ ቤቴ አምፖል ብዙ ሽቦ አለ። ትራንስፎርመር ይቃጠላል፣ መንገድ ሲቆፈር ገመድ ይቆረጣል፣ ዝናብ ሲበረታ መስመሩ ይወድቃል። እኔ ደግሞ እንጀራዬ ላፕቶፕ ላይ ነው። ማታ ሦስት ሰዓት ላይ መብራት ሄዶ ጠዋት መላክ ያለበት ሥራ ሲቀርብኝ፣ ባትሪ መሥራት አለብኝ አልኩ።

የመጀመሪያውን የሠራሁት ከአሮጌ የላፕቶፕ ባትሪዎች ነው። የላፕቶፕ ባትሪ ተከፍቶ ሲታይ ውስጡ ብዙ ጊዜ ስድስት ሲሊንደር ሴሎች አሉት። 18650 ይባላሉ። ቁጥሩ ልካቸው ነው፤ ውፍረታቸው 18 ሚሊ ሜትር፣ ቁመታቸው 65። ሁለት ሁለት ሆነው ይጣመራሉ፤ ሦስቱ ጥንዶች ደግሞ በሰልፍ ይያያዛሉ። "ሞቷል" ተብሎ የተጣለ ባትሪ ከፍቼ በቴስተር ስለካ፣ ብዙ ጊዜ የሞተው አንዱ ጥንድ ብቻ ነው። አራቱ ሴሎች ደህና ናቸው። ያኔ ነው የአባቴ ሬዲዮ ትዝ ያለኝ።

ከምናለሽ ተራና ከማውቃቸው ጠጋኞች ለቃቅሜ ሠላሳ ደህና ሴል አገኘሁ። አሥር አሥሩን ጎን ለጎን አያያዝኩ፤ ይህን ቴክኒሻኖች ፓራለል ይሉታል። ሦስቱን ቡድን ደግሞ ተራ በተራ በሰልፍ አገናኘሁ፤ ይህ ሲሪስ ነው። ጎን ለጎን ሲሆኑ አቅም ይደመራል። በሰልፍ ሲሆኑ ቮልቴጅ ይደመራል። የዚህ ዓይነት ሴል ሲሞላ 4.2 ቮልት ነው። ሦስቱ ሲደመሩ 12.6። እኔም 12.6 ቮልት የሚሰጥ ቻርጀር ገዛሁ። ከሳጥኑ የወጡት ሁለት ገመዶች ብቻ ነበሩ፤ ፕላስና ማይነስ። ከመሀል ምንም ገመድ አላወጣሁም። ምን ያደርግልኛል ብዬ?

ሁለት ወር በሰላም ሠራ። አንድ ማታ ቻርጅ ላይ እንዳለ እጄን ሳጥኑ ላይ ሳሳርፍ አንዱ ጎን ሞቋል። ሌላው ጎን ቀዝቃዛ ነው። በቴስተር ዳርና ዳሩን ለካሁ፤ 12.5 ቮልት። ከልኩ በታች ነው፣ ምንም ችግር የለም ማለት ነው። ግን ሙቀቱ አላስተኛ አለኝ። ክዳኑን ከፍቼ ሦስቱን ቡድን ለየብቻ ለካሁ። አንደኛው 4.33። ሁለተኛው 4.31። ሦስተኛው 3.86።

ደምሯቸው። 12.5 ይመጣል።

ድምሩ ትክክል ነበር፤ ውስጡ ግን ሌላ ነበር። ሦስተኛው ቡድን በጎደለው ልክ ሁለቱ ከልክ በላይ እየጠጡ ነበር። እነዚህ ሴሎች ከ4.2 ሲያልፉ ሊቲየሙ ወደሚገባበት ቦታ መግባት አቅቶት ብረት ሆኖ ላይ ላይ መጋገር ይጀምራል። ውስጥ ያለው ፈሳሽ ይበላሻል። ሙቀት ይፈጠራል፣ ሙቀቱ ራሱ ሌላ ሙቀት ይጠራል። ሳጥኑ የነበረው ከልጄ አልጋ ሁለት ሜትር ርቀት ላይ ነው። ነቅዬ ወደ ግቢ አወጣሁት። ሲሚንቶው ላይ አስቀምጬ፣ የመኪና አምፖል አገናኝቼበት፣ እስኪደክም ድረስ አጠገቡ ቆሜ ጠበቅኩ። ከጊዮርጊስ የማኅሌቱ ድምፅ ይሰማ ነበር። እስከዚያ ሰዓት ድረስ ውጭ አምሽቼ አላውቅም።

ለምን እንዲህ እንደሆነ ለመረዳት ብዙ ጊዜ ወሰደብኝ። አንድ ምሳሌ ነው ያስረዳኝ። ገጠር ታማሚ በቃሬዛ ሲወሰድ አራት ሰው ይሸከማል። ሦስቱ ጎበዞች ቢሆኑም አንዱ ጉልበቱ ሲከዳው ቃሬዛው እዚያው መቆም አለበት። የሦስቱ ብርታት አንድ እርምጃ አይጨምርም። በሰልፍ የተያያዙ ሴሎችም እንዲሁ ናቸው። በሁሉም ውስጥ የሚያልፈው ያው አንድ የኤሌክትሪክ ጅረት ነው። የወጣው ከሁሉም እኩል ይወጣል፣ የገባው ለሁሉም እኩል ይገባል። ጎዶሎው ቀድሞ ባዶ ይሆናል። ሙሉው ቀድሞ ይፈስሳል። በፓራለል ያሉት ግን ችግር የለባቸውም፤ እንደተገናኙ ጋኖች ናቸው፣ ውኃው ራሱ ይተካከላል።

ታዲያ እኩል የጀመሩ ሴሎች ለምን ይለያያሉ? ሴል ዝም ብሎ ተቀምጦም ትንሽ ትንሽ ያንጠባጥባል፤ አንዱ ከሌላው የበለጠ። የባትሪውን ኃይል ወደ ቤት መብራት ከሚቀይረው ኢንቨርተር ጎን ያለው ይሞቃል፤ የሞቀ ቶሎ ያረጃል። የእኔ ሠላሳ ሴሎች ደግሞ ከተለያየ ላፕቶፕ የመጡ፣ ዕድሜያቸው የማይታወቅ ነበሩ። አሮጌና አዲስ ቀላቅዬ ነበር። አባቴ በሕይወት ቢኖር ምን እንደሚለኝ አውቃለሁ።

ሴሎችን እኩል ማድረግ ባላንስ ማድረግ ይባላል። ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው ከሞላው ላይ ማፍሰስ ነው። ቢኤምኤስ የሚባለው ጠባቂ ቦርድ ላይ ለእያንዳንዱ ሴል ትንንሽ ሪዚስተር አለ። አንዱ ሴል ቀድሞ ሲሞላ ትርፉን በሪዚስተሩ ሙቀት አድርጎ ይለቅቃል፤ ሌሎቹ እስኪደርሱ። ወፍጮ ቤት ቁና ሲሰፈር አይታችኋል፤ አናቱ ላይ የተከመረው በእጅ ጠረግ ይደረጋል። እንደዚያ ነው። ሁለተኛው መንገድ ከሞላው ወስዶ ለጎደለው መስጠት ነው። አክቲቭ ባላንሰር ይባላል። በካፓሲተር ወይም በመጠምጠሚያ ሽቦ አማካይነት ከአንዱ ቀድቶ ወደ ሌላው ይገለብጣል። ሁለተኛው ፍትሐዊ ይመስላል፣ ብክነቱም ትንሽ ነው። ለትልልቅ ሴሎች እኔም እሱን እመርጣለሁ። ግን ሁለቱም የሚሠሩት ትንሽ ልዩነት ሲኖር ነው። ብዙ ርካሽ ቦርዶች የሚያፈስሱት 50 ሚሊ አምፒር አካባቢ ነው። የባትሪ አቅም የሚለካው በአምፒር ሰዓት ነው፤ የሁለት አምፒር ሰዓት ልዩነት በዚህ ፍጥነት ለማጥፋት 40 ሰዓት ይፈጃል። ይህን ሒሳብ ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

ሁለተኛውን ባትሪ ስሠራ የሴሉን ዓይነት ቀየርኩ። ሊቲየም አይረን ፎስፌት የሚባለውን ወሰድኩ፤ ነጋዴዎቹ ላይፍፖ4 ይሉታል። ይህ ዓይነት ሴል የወጣው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አሜሪካ ቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ከነበረው ከጆን ጉዲናፍ ላቦራቶሪ ነው። ጉዲናፍ እ.ኤ.አ. በ2019 ከስታንሊ ዊቲንግሃምና ከአኪራ ዮሺኖ ጋር ለሊቲየም ባትሪ ሥራቸው የኬሚስትሪ ኖቤል ሲቀበል 97 ዓመቱ ነበር። ይህን ሳነብ በጣም ነበር የተገረምኩት። በዚያ ዕድሜም ሥራውን አላቆመም ነበር። የብረት ፎስፌቱ ሴል ክብደቱ ከፍ ይላል፣ የሚይዘው ኃይል ለክብደቱ ያንሳል፣ ግን እንደ ሌሎቹ በቀላሉ አይቀጣጠልም። ልጅ ለሚተኛበት ቤት እኔ ሌላ አልመርጥም።

አንድ ፈተና ግን አለው። የመጀመሪያው ዓይነት ሴል ሲጎድል ቮልቴጁ አብሮ ይወርዳል፤ ለክተህ ምን ያህል እንደቀረው ትገምታለህ። የብረት ፎስፌቱ ሴል ግን ሙሉ ሲሆን 3.65፣ ባዶ ሲሆን 2.5 ቮልት ሆኖ፣ መሀል ላይ ዝም ብሎ 3.2 እና 3.3 መካከል ይቆማል። ሩቡ የቀረውና ሩቡ የጎደለው ቴስተር ላይ ወንድማማች ናቸው። "ሁሉም 3.3 ናቸው፣ እኩል ናቸው" የሚል ሻጭ እየዋሸ ላይሆን ይችላል። እሱም አያውቅም። ልዩነቱ የሚታየው ጫፍ ላይ ነው፤ ሊሞላ ሲል ወይም ሊያልቅ ሲል። ከ3.4 ቮልት በታች ባላንስ ለማድረግ የሚሞክር ቦርድ በጨለማ ነው የሚዳብሰው። እንዲያውም ሊያበላሸው ይችላል።

አራት ሴል ገዛሁ፤ እያንዳንዱ 100 አምፒር ሰዓት የተጻፈበት። አራቱ በሰልፍ 12.8 ቮልት ይሆናሉ። 1,280 ዋት ሰዓት ማለት ነው። ላፕቶፕ፣ ዋይፋይና ሦስት አምፖል አብረው ወደ 80 ዋት ይበላሉ። በሒሳብ 16 ሰዓት ያቆየኛል። ሻጩ አራቱም ከአንድ ካርቶን የወጡ መሆናቸውን ነገረኝ። ቤት አምጥቼ እያንዳንዱን ሞልቼ፣ ባዶ እስኪሆን አፍስሼ የሰጠኝን ቆጠርኩ። አንድ ሳምንት ፈጀ። 102፣ 101፣ 93፣ 100። ሦስተኛው 93 ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ባላንስ ማድረግ ትንሹን ሴል ትልቅ አያደርገውም። ቁናውን ጠርገህ እኩል ልትሞላ ትችላለህ፤ ሦስተኛው ቁና ግን ትንሽ ቁና ነው። አናቱ ላይ እኩል ካደረግካቸው ሥር ላይ ትንሹ ቀድሞ ያልቃል። ስለዚህ የባትሪዬ አቅም 93 ነው። ሌላ ቁጥር የለውም። ይህን ተቀብዬ ቀጠልኩ፤ ሻጩ ዘንድ ተመልሼ ብከራከር ይሻል ነበር።

ከዚያ ቸኮልኩ። አራቱን በሰልፍ አያይዤ፣ ቢኤምኤስ ገጥሜ፣ ቻርጀር ሰካሁ። 13.7 ቮልት ሲደርስ ቀጥ አለ። ቻርጀሩ እስከ 14.6 መሄድ ነበረበት። ቻርጀሩ ነው የተበላሸው ብዬ ለአንድ ወዳጄ ወሰድኩለት። ወዳጄ ቀድሞ ፒያሳ ሱቅ የነበረው፣ አሁን ሰፈሩ ሲፈርስ ሌላ ቦታ የሄደ የኤሌክትሮኒክስ ጠጋኝ ነው። ቻርጀሩን እንኳ አልከፈተውም። "ሴል በሴል ለክተሃል?" አለኝ። አልለካሁም። ያ ሁሉ ነገር ደርሶብኝ አልለካሁም። ቤት ሄጄ ስለካ አንዱ 3.65፣ ሦስቱ 3.35። አንዱ ጣሪያ ነክቷል፤ ቦርዱ እሱን ለማዳን ሁሉንም ዘግቷል። ቦርዱ ሥራውን ሠርቷል።

ወዳጄ የላቦራቶሪ ፓወር ሰፕላይ አዋሰኝ፤ ቮልቱ እንደተፈለገ የሚስተካከል ኃይል ሰጪ መሣሪያ ነው። ቮልቱን 3.6 ላይ አቆምኩ። ገመዱን ከማገናኘቴ በፊት ነው የማቆመው፤ ይህ ዋናው ነገር ነው። አራቱን ሴሎች ከሰልፍ ፈትቼ ጎን ለጎን፣ ፕላስ ከፕላስ፣ ማይነስ ከማይነስ አሰርኳቸው። አሁን አራቱ አንድ ትልቅ ሴል ሆኑ። 400 አምፒር ሰዓት ማለት ነው። መሣሪያው በሰዓት 10 አምፒር ሰዓት ነው የሚሰጠው። ቀድሜ በሰልፍ ስለሞላኋቸው እንጂ ከግማሽ ብጀምር 20 ሰዓት ይፈጅ ነበር።

መጠበቁ ይከብዳል። ሰዓታት ያልፋሉ፣ ቁጥሩ 3.34 ላይ ተገትሮ ነው። አይንቀሳቀስም። አንድ የማውቀው ልጅ እዚህ ጋ ትዕግሥቱ አልቆ ቮልቱን ከፍ አደረገው፣ ከዚያ ተኛ። ጠዋት ሲነሳ አራቱም ሴሎች እንደ ዳቦ ነፍተው አገኛቸው። ቁጥሩ ለረጅም ጊዜ የሚቆመው ሴሉ ጠባዩ ስለሆነ ነው። መጨረሻ ላይ ግን በድንገት ይነሳል። 3.40፣ 3.48፣ 3.57። 3.6 ሲደርስ ደግሞ ጅረቱ ራሱ እየቀነሰ ይመጣል። አምፒሩ ዜሮ አጠገብ ሲደርስ አራቱም እኩል ሞልተዋል። እኔ ዘንድ መሀል ላይ ሁለት ጊዜ መብራት ስለጠፋ ሁለት ቀን ወሰደ። ሲያልቅ በሰልፍ መለስኳቸው። ያን ዕለት ማታ አራቱ ቁጥሮች እስከ ሁለተኛው አሃዝ አንድ ነበሩ። ባለቤቴን ጠርቼ አሳየኋት።

ሁለተኛው ጥፋቴ የመጣው ከመልካም ሐሳብ ነው።

ግቢያችን ውስጥ አንድ አዛውንት ጎረቤት አሉ። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ዓይናቸው ደክሟል፤ ቀኑን የሚያሳልፉት በሬዲዮ ነው። ሬዲዮናቸው የድሮ ነው፣ አራት ድንጋይ የሚጎርስ። ልክ እንደ አባቴ። የድንጋይ ዋጋ ተወደደ ሲሉ ሰማሁና "ጋሼ፣ ከኔ ባትሪ ገመድ ልሳብልዎት" አልኳቸው። መረቁኝ። አራት ድንጋይ 6 ቮልት ነው። የእኔ ሁለት ሴሎች ሲደመሩ 6.6 ናቸው። ምን የመሰለ ግጥምጥሞሽ! ከአንደኛውና ከሁለተኛው ሴል ገመድ አውጥቼ በግድግዳው ቀዳዳ አሳለፍኩላቸው።

ያቺ ሬዲዮ የምትበላው 100 ሚሊ አምፒር ያህል ብቻ ነው። ከአንድ ትንሽ አምፖል ታንሳለች። ጋሼ በቀን 12 ሰዓት ይሰማሉ። 1.2 አምፒር ሰዓት። ምንም አይደለም ብዬ ነበር። ግን 1.2 በ60 ቀን 72 ነው። ያ ሁሉ ከአንደኛውና ከሁለተኛው ሴል ብቻ ነው የወጣው። ሦስተኛውና አራተኛው ሳይነኩ ተቀመጡ። ቻርጅ ሳደርግ የላይኞቹ ሁለቱ ወዲያው ይሞላሉ፣ ቦርዱ ይዘጋል፤ የታችኞቹ እንደጎደሉ ይቀራሉ። ባላንስ አድራጊውስ? ያ የ50 ሚሊ አምፒር ሒሳብ እዚህ ጋ ይመጣል። የሚሠራው ሴሎቹ ጫፍ ሲደርሱ ብቻ ነው፤ በቀን አንድ ሰዓት ያህል ቢያገኝ ነው። በቀን 0.05 ይመልሳል፣ ጋሼ በቀን 1.2 ይወስዳሉ። በማንኪያ እየቀዳ በባልዲ የሚፈስስ ነገር ሆነ።

ሐምሌ ላይ ዝናቡ ሲበረታ መብራት ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ሄደ። አሥራ ስድስት ባይሆን አሥራ አራት ሰዓት አለኝ ብዬ ተረጋግቼ ሥራ ጀመርኩ። ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ቤቱ ጨለመ። ከግድግዳው ወዲያ የጋሼም ሬዲዮ ዝም አለ። በስልክ መብራት ሴሎቹን ለካሁ። 2.9፣ 2.9፣ 3.28፣ 3.28። ወዲያው ገባኝ። 2.9 ያነበብኩት ጭነቱ ሲነሳ ቮልቱ ትንሽ ስለሚመለስ ነው። ቢኤምኤሱ 2.5 ላይ ባይዘጋው ኖሮ ሁለቱ ሴሎች ጨርሰው ይደርቁ ነበር። ሴል ከልክ በታች ሲወርድ ውስጡ ያለው መዳብ መሟሟት ይጀምራል። እንደገና ሲሞላ ያ መዳብ በማይገባው ቦታ ይረጋና ውስጥ ለውስጥ ሊያገናኘው ይችላል። እንዲህ የሆነን ሴል ማዳን አይሞከርም።

ጠዋት ጋሼ ዘንድ ገባሁ። የሆነውን ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝና "እኔ እኮ አንድ ቀንም አራት ድንጋይ የሚጎርስ ሬዲዮ ከሁለቱ ብቻ ሲበላ አላየሁም" አሉኝ። ምንም መጨመር አላስፈለጋቸውም።

አራቱን ፈትቼ እንደገና ጎን ለጎን አሰርኩ። ሌላ ሁለት ቀን። ለሬዲዮው ደግሞ ከ12.8 ወደ 6 ቮልት የሚያወርድ አንዲት ትንሽ ቦርድ ገዛሁ። አሁን ሬዲዮው የሚበላው ከአራቱም እኩል ነው። ይህን የምጽፈው ብዙ ቤት ውስጥ ተመሳሳይ ገመድ ስላየሁ ነው። ለዋይፋይ ከሦስት ሴል፣ ለስልክ ከአንድ ወይም ከሁለት ሴል የሚስቡ ሰዎች አሉ። እባካችሁ ከመሀል አትቅዱ። ትንሽነቱ አያታልላችሁ።

በዚያው ሰሞን አንድ የቆየ ነገር ተመልሼ አነበብኩ። ሐምሌ 5 ቀን 2005 ንግሥተ ሳባ የተባለችው የአየር መንገዳችን ድሪምላይነር ለንደን ሂትሮው ቆማ እሳት የተነሳባት ጊዜ። ሰው አልነበረባትም፤ የተጎዳም አልነበረም። ያን ጊዜ ሁላችንም ደንግጠን ነበር። የእንግሊዝ የአውሮፕላን አደጋ መርማሪዎች በ2007 ያወጡት የመጨረሻ ሪፖርት እሳቱ የተነሳው አደጋ ሲደርስ ምልክት ከሚያስተላልፈው መሣሪያ የሊቲየም ባትሪ መሆኑን ይናገራል። ገመዶቹ ክዳን ሥር ተቆላልፈው ተጨፍልቀው ነበር። ከዚያም አንድ ዐረፍተ ነገር አለ፤ ከዚህ ጋር ተዳምሮ ሳይሆን አይቀርም የሚሉት አንድ ሴል ከሌሎቹ ቀድሞ ማለቁን ነው። ያ ባትሪ እንደ እኔ ዓይነት ቻርጅ የሚደረግ አልነበረም፤ ኬሚስትሪውም ሌላ ነው። ግን "አንድ ሴል ቀድሞ ማለቅ" የሚለው ላይ ስደርስ ስልኬን አስቀምጬ ሴሎቹን ለመለካት ተነሳሁ።

አሁን ደብተር አለኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ቻርጁ ሊያልቅ ሲል አራቱን እለካለሁ፣ እጽፋለሁ። ልዩነቱ ከ30 ሚሊ ቮልት በታች ከሆነ እተወዋለሁ። ከዚያ ሲያልፍ መጀመሪያ የማየው ሴሉን አይደለም፤ ዳዶውን ነው። የላላ ዳዶ ሴሉን ያለ ጥፋቱ ያስወቅሰዋል። 50 አምፒር በሚያልፍበት መጋጠሚያ ላይ አንድ ሚሊ ኦም ብቻ ትርፍ መቋቋም ቢኖር 50 ሚሊ ቮልት ያሳስታል። አሉሚኒየሙ ላይ የሚጋገረውን ነጭ ነገር በብርጭቆ ወረቀት ቀለል አድርጌ አጸዳለሁ፣ እንደገና አጠብቃለሁ። ካቻቢቴዬንና ቁልፎቼን እጀታቸውን በናስትሮ ጠቅልያለሁ። ቀለበቴን አወልቃለሁ። ከፕላሱ አጠገብ ፊውዝ አለ። በእነዚህ ሴሎች ላይ ብረት ቢወድቅ ብረቱ ይቀልጣል፤ አይቼዋለሁ።

ቻርጁን 14.2 ላይ አቆማለሁ እንጂ 14.6 አላደርስም። የመጨረሻዋ ጠብታ የምትጨምረው አቅም ትንሽ ነው። 14.2 ደግሞ ለአንዱ ሴል 3.55 ስለሚደርሰው ባላንስ አድራጊው ለመሥራት ይበቃዋል።

ከ2016 ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ በቸርችል ጎዳና ስወርድ ያለ ድምፅ የሚያልፉት መኪኖች በዝተዋል። በብዙዎቹ ሆድ ውስጥ ወደ መቶ የሚጠጉ ሴሎች በሰልፍ ተያይዘዋል። እኔ አራቱን እኩል ለማድረግ ይህን ያህል ከለፋሁ፣ እዚያ ውስጥ ያለው ቦርድ ምን ያህል እንደሚሠራ ሳላስብ አልፌያቸው አላውቅም። አንድ ቀን የእነሱም ባትሪዎች አርጅተው ምናለሽ ተራ ይደርሳሉ። ያኔ ብዙ ልጆች ከፍተው ያያሉ። እነዚያ ልጆች ቴስተሩን ዳርና ዳሩ ላይ ብቻ እንዳያሳርፉ እመኛለሁ።

ጋሼ ቅዳሜ ጠዋት በሬ ላይ ይቆማሉ። "ድንጋዮቹ እንዴት አደሩ?" ይሉኛል። ቁጥሮቹን አነብላቸዋለሁ። ባለፈው ቅዳሜ 3.54፣ 3.54፣ 3.56፣ 3.54 ነበሩ። "ሦስተኛው ዛሬም ቸኩሏል" አሉኝ። ትንሹ ሴል እሱ ነው አልኳቸው። በዚህ ወር መጨረሻ የሚተካው ሴል ይመጣልኛል። አሁን ጠረጴዛዬ ላይ የወዳጄ ፓወር ሰፕላይ እንደገና ተቀምጧል፣ 3.6 ላይ ቆሞ።